ደራሲዋ የምትተነፍስበት ቦታ

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

አዲሱን መጽሐፍ ዛሬ ሰጡኝ። ወፍራም ነው። ደራሲዋ ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ሥራዋን በሬዲዮ ያነበብኩላት ሴትዮ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጠፍቶ ኖሮ ይኸው ሁለተኛውን ይዛ ብቅ አለች። «ከእሱ በቀር ማንም እንዳያነበው» ብላለች አሉ። ደስ ብሎኛል። ለሰው አልናገረውም እንጂ ደስ ብሎኛል።

የክፍላችን ኃላፊ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ «ጋሼ» እያለች እንደ ልጅ ታከብረኛለች፣ እንደ አለቃ ታዘኛለች። መጽሐፉን ስታቀብለኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄን በደህና ከጨረሱልን የሚቀጥለውንም ተከታታይ ለእርስዎ ነው የማስበው» አለችኝ። «ከጨረሱልን» የምትለዋን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ለሕዝብ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ሳልጨርስ የተውኩት የትኛውን ነው? ካልጨረስኩ ለማን እንደምታስብ ደግሞ አላጣሁትም፤ ለዜና አንባቢዋ ነው። ድምጿ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ፍቅርንም ሞትንም እንደ አየር ጠባይ ነው የምታነበው። ይህ መጽሐፍ ከእጄ ከወጣ ሌላ አይገባም፤ ይህን አውቃለሁ።

ሊፍቱ ተበላሽቷል። ስቱዲዮው አራተኛ ፎቅ ነው። ያንን ደረጃ የሠራውን ሰው ምን በድለነው ይሆን።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

እኔ ጽሑፍ የምመረምረው በእርሳስ ነው። ከቀረጻ በፊት ምንባቡን ዝቅ ባለ ድምፅ እያነበብኩ፣ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ አጭር ጭረት አደርጋለሁ። ስጨርስ ጭረቶቹን ብቻ አያለሁ፤ ደራሲው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እዚያ ላይ ይታየኛል። አንዱ በየሦስት ቃሉ ያሳርፍሃል፣ እንዳትሰለቸው ስለሚፈራ ነው። ሌላው አንድ ገጽ ሙሉ ኮሌታህን ይዞ ይነዳሃል። ምሁራኑ ይህንን በሌላ ቋንቋ ይሉት ይሆናል፤ ይበሉት።

የዚህችኛዋን ከምዕራፍ ሁለት ልገልብጥ፦

«እህትየው አባቷ የሞተበትን ክፍል መስኮት ከፍታ፣ አልጋውን ወደ ግድግዳው ገፍታ፣ ከሥሩ ያገኘችውን አንድ እግር ካልሲ አራግፋ ኪሷ ከትታ፣ ሌላኛውን ፍለጋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የጠፋባት ካልሲ ሳይሆን ሰው መሆኑ ትዝ ሲላት እንኳ ሳትነሳ፣ እጇን ወደ ጨለማው ሰድዳ መዳበሷን ቀጠለች።»

ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልብ ብዬ አየሁት። «አዘነች» የሚል የለበትም። «አለቀሰች» የለም። የካልሲውን ቀለም እንኳ አትነግርህም። መስኮት፣ አልጋ፣ ካልሲ፣ ወለል፣ እጅ፤ በቃ። አንዱን ድርጊት ሳትቋጭ ሌላውን ትደርብብሃለች፣ ማሰሪያው ግሥ እስኪመጣ ድረስ አንገትህን ከውሃ ማውጣት አትችልም። ጎበዝ ናት። ግን በዝቷል። ሰው ሲበስል ቁጥብ ይሆናል ስል እሷ ጭራሽ ብሶባታል።

አንድ ጭረት በሚበቃው ቦታ አራት አደረግሁ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያ ቀረጻ። የድምፅ ቴክኒሻናችንን «መቀስ» ነው የምንለው፤ የሰውን ሳልና ስህተት ሲቆርጥ ከእኔ ጋር የሸበተ ሰው ነው። ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ዛሬ ሦስት ጊዜ «እንደገና» አለኝ። ድሮ «እንደገና» የምለው እኔ ነበርኩ።

ምንጣፉ ነው። አቧራ ጠጥቷል። ነገ ለኃላፊዋ እነግራታለሁ።

ሰኔ 12

መፍትሔ አገኘሁ። የካልሲውን ዓረፍተ ነገር ሰባበርኩት። «መስኮቱን ከፈተች። አልጋውን ገፋች። አንድ እግር ካልሲ አገኘችና ኪሷ ከተተች። ሌላኛውን ፍለጋ ተንበረከከች።» እንዲህ እያልኩ ምዕራፉን በሙሉ አስተካከልኩት። ሐሳብ አላጎደልኩም። አድማጭ እራቱን እየበላ ነው የሚሰማን፣ ሊታዘንለት ይገባል። ቀረጻውን በአንድ ጊዜ ጨርሰን ወጣን። መቀስ ግን ከማሽኑ ቀና አላለም። እሱ እንዲህ ሲሆን ደስ አይለኝም።

ሰኔ 16፣ እሑድ

የመጀመሪያው ክፍል ዛሬ ማታ ተላለፈ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ወጥ ቤት ሆና ብቻዋን ሰማችው። እኔ የራሴን ድምፅ ከተላለፈ በኋላ መስማት አልወድም፤ ሳሎን ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ ነበር። ከዚያ የታጠበ ልብስ ታቅፋ መጣችና እያጠፈች፣

«የሬዲዮው ሰውዬ ጎበዝ ነው» አለች። «አንድም ጊዜ አይተነፍስም። አንተ ጫማህን ስታስር እንኳ ታለከልካለህ። እሱን ከየት አምጥታችሁት ነው?»

«ሙያ ነዋ» አልኳት።

«እንግዲያው ሙያህን አንድ ቀን ሐኪም ይየው።»

እሷ ነገር ስትጀምር ዝም ማለት ነው የሚሻለው። ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ስትጠቀልል ሳያት የደራሲዋ ዓረፍተ ነገር መጣብኝ፣ ጋዜጣውን አጥፌ ተኛሁ።

ሰኔ 19

ስለ ደራሲዋ አጻጻፍ ትንታኔ ጽፌ ለኃላፊዋ አስገባሁ። ዋና ሐሳቡ ይህ ነው፦ የመጀመሪያ መጽሐፏ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭርና ንጹሕ ነበሩ፤ ያለ አንዳች ችግር አንብቤያቸዋለሁ። አሁን ግን ደራሲዋ ማቆም አቅቷታል። ድርጊት በድርጊት ላይ ትከምራለች፣ አንባቢን አታሳርፍም፣ የራሷን አቅም አታውቅም። በተለይ «አቅምን አለማወቅ» የምትለዋ አንቀጽ ጥሩ ወጥታልኛለች።

ኃላፊዋ አነበበችውና፣ «ግሩም ነው ጋሼ። የድሮውን ቅጂ ለማነጻጸሪያ ቢያመጡልኝስ?» አለች። በደስታ አልኳት። ከዚያ ብዕሯን እያሽከረከረች፣ «ደግሞ ትንሽ አረፍ ቢሉ ምን ይመስልዎታል? አንድ ሁለት ምዕራፍ ዜና አንባቢዋ ብታግዝዎት...»

«አልደከመኝም» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ተናደድኩ። ስወጣ ለመናደድ ጊዜ የለኝም።

ማታ ትንታኔውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለችና መብራት አጠፋች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። ደራሲዋን ይሆናል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

የዛሬው ነገር ደስ አላለኝም።

መቀስን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቴፕ ከማኅደር እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት። «ይቅርብህ» አለ። ለምን ስለው፣ «አቧራ ነው፣ ሳል ያነሳብሃል» አለኝ። እኔ ሳል የለብኝም። የጠዋቱ ሳል ሳል አይባልም።

አወጣውና አሰማኝ። ጎልማሳ ድምፅ ነው። አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ላይ የምትቆምበትን ቦታ እያነበበ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጀመረ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ቲኬቱን አልፎ፣ ሻንጣውን አልፎ፣ ሰዓቱን አልፎ ሄደ፤ ሰውዬው ግን እንደ ጀመረው ቀዝቀዝ ብሎ ግሡ ላይ ሲደርስ ነው ያረፈው። ከካልሲው ዓረፍተ ነገር ቢረዝም እንጂ አያንስም።

«የድሮ ቴፕ እኮ ይሮጣል» አልኩት።

መቀስ ማሽኑን አየ፣ እኔን አላየኝም። «ሊሆን ይችላል» አለ።

ቴፑን ለኃላፊዋ አልወሰድኩም። የሚሮጥ ቴፕ ማስረጃ አይሆንም።

ሰኔ 27

ከስቱዲዮው ደጃፍ ቆሜ ትንሽ ሳርፍ፣ ማለቴ ቁልፍ ስፈልግ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና መቀስና ዜና አንባቢዋ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ንጹሕ ነው እኮ፤ ትንፋሽ የሚባል አይሰማም።»

«እኔ ስቆርጠው ስለማመሽ ነዋ። የቆረጥኩት ቢሰበሰብ አንድ ሰው ይኖርበታል።»

«ያውቃሉ?»

«አያውቅም። የሚነግረው ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ስለ ስፖርት ዘጋቢው መሆን አለበት፤ አፍንጫው ዓመቱን ሙሉ ድፍን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ምስኪኑ ሰው እየተወራበት መሆኑን አያውቅም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ምዕራፍ። ጉድ ፈላ። እህትየው ቤቱን ለሚገዛው ሰው አስረክባ የምትወጣበት ነው፤ የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን አንድ ገጽ አልፎ ይሄዳል። ሰባብሬ ሞከርኩት። የዕቃ ርክክብ ሰነድ ሆነ። ሳልሰብረው ሞከርኩት፣ ግማሽ ላይ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። ዝናቡ ነው። አየሩ ከብዷል።

ኃላፊዋን ይህን ምዕራፍ ደራሲዋ ራሷ ታሳጥርልኝ አልኳት። «እስካሁን አንድም ቃል አልነኩም አይደል?» አለችኝ። በዝምታ አለፍኳት። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው መሰለኝ፣ ደራሲዋ ጋ ደወለች።

ሐምሌ 4

ሌሊቱን ሦስት ትራስ ደርቤ ተኛሁ። ባለቤቴ የራሷን ትራስ ነው የሰጠችኝ። ጠዋት ስታነጥፍ ሦስቱንም እንደ ተደራረቡ ተወቻቸው። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ሳልተኛ ልጻፈው፣ ነገ ሌላ ነገር አድርጌ እጽፈዋለሁና።

ደራሲዋን ምድር ቤት ያለው ሻይ ቤት ቀጠርኳት፤ እንግዳን አራት ፎቅ ማስወጣት ነውር ነው። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልግ ሴት ናት። ከሰላምታው በኋላ እኔ ቀደምኩ።

«አንዳንድ ቦታ ለአድማጭ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ፤ ቅር እንዳይልዎት» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «በየማታው ነው የምሰማው።»

መጽሐፌን ስባ ገለጠችው። እርሳሴን አየች። ይሄ ሁሉ ጭረት ምንድን ነው አለችኝ። አስረዳኋት፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ነው፣ እርስዎ አንባቢውን የሚያሳርፉበት ቦታ ማለት ነው አልኳት። ካልሲው ገጽ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«እኔ እዚህ ማንንም አላሳርፍም።»

«እሱን ነው የምልዎት። በዝቷል።»

«ይቺ ልጅ ለምንድን ነው የማታቆመው ይላሉ?» አለችኝ። እንደ ፈታኝ አልነበረም፣ የእውነት ነው የጠየቀችኝ። ትንታኔዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ላወጣው ነበር። አፌ ግን ሳላዘው መለሰላት።

«ካቆመች ማወቅ ሊኖርባት ነው። እጇ እስከሠራ ድረስ የጠፋባት ካልሲ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ አራት ቦታ አስቆሟት» አለች ረጋ ብላ። «አባቷን አራቴ አስቀበሯት።»

አጻጻፏን አገላብጬ መርምሬ፣ ስንት ድርጊት እንደደረደረች አይቼ፣ ለምን እንደደረደረች ግን ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩባት። አፈርኩ።

እሷ ግን የመጣችበትን ገና አልጨረሰችም ነበር። «ርዝመቱ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት?» አለች። «መጻፍ ስጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር የት ማለቅ እንዳለበት አላውቅም ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ከአጠገቧ መራቅ አልችልም፤ ማታ ማታ እርስዎን እንሰማለን። አንድ ትንፋሽ ወስደው እስኪጨርሱ እኔም የራሴን እይዝ ነበር። ሲቆሙ እንተነፍሳለን፣ እኔም እናቴም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እርስዎ በሚያደርሱት ርቀት መጻፍ ለመድኩ። የመጀመሪያውንም፣ ይሄንንም የለካሁት በእርስዎ ትንፋሽ ነው። እኔ ራሴ ጮክ ብዬ ሳነበው አልዘልቀውም።»

ሻይዋን አማሰለች፣ አልጠጣችውም።

«ትንፋሽዎ የት ሄደ?»

«ሊፍቱ ተበላሽቶ ነው» አልኳት።

ከተቀመጥን ሰዓት ሊሞላን ነበር። ያውም ምድር ቤት።

ሐምሌ 10

ትንታኔውን ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ መልሼ ወሰድኩት። «ምነው ጋሼ፣ ግሩም ነበር እኮ» አለች። ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው የጻፍኩት አልኳት። ግራ ገባት። የሰባበርኩትንም ነገርኳት፤ ተቆጣች፣ አልፈርድባትም።

ከዚያ መቀስ ጋ ሄድኩ። «ስፖርት ዘጋቢው አልነበረም አይደል?» አልኩት። የቱ ስፖርት ዘጋቢ አለኝ። ትንፋሼን ሁለት ዓመት ሲቆርጥልኝ ኖሯል። ላመሰግነው አስቤ ተቆጣሁት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ እሱም መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ሐምሌ 15

ሐኪም ቤት። ባለቤቴ አብራኝ ገባች፣ ውጪ ጠብቂኝ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«መቼ ጀመረዎት አባቴ?» አለች ዶክተሯ።

«ከሰኔ ወዲህ ነው።»

«ሁለት ዓመት አልፎታል» አለች ባለቤቴ። ዶክተሯ የእሷን ጻፈች።

ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርጋ በረጅሙ ይተንፍሱ አለችኝ። እኔ በረጅሙ መተንፈስ እንጀራዬ ነው። አልሆነም። ሌላ ክፍል ወስደው ሳንባዬን ፎቶ አነሱት። እየደደረ ነው አሉኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ቶሎ እንዳይሄድ ግን መድኃኒት አለው፤ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ አለችና ተወችው። ባለቤቴ መስኮቱን እያየች ነበር። ፈራሁ። ስለ ሞት አይደለም መጀመሪያ የጠየቅኋት፤ ማንበብ እችላለሁ ወይ ነው ያልኳት።

«ያንብቡ። ሲያጥርዎ ይተንፍሱ እንጂ እየያዙ አይታገሉ።»

በታክሲ ስንመለስ ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር። መንገዱን ሙሉ አለቀቀችኝም።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ሊፍቱ ተጠገነ። በእሱ ወጣሁ።

ኃላፊዋ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለዜና አንባቢዋ ልትሰጥ ወስና ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ብዬ ለመንኳት። ለምኜ አላውቅም። ፈቀደች።

ጭረቶቼን በሙሉ በላጲስ አጠፋኋቸው። ነጥቧን መጽሐፉ ላይ እንዳለች ተውኳት፤ አንድ ናት፣ መጨረሻው ላይ። ሲያጥረኝ ተነፈስኩ፣ ድምፄን ግን አልጣልኩትም፣ ነገሩ ያለቀ አላስመሰልኩም። እህትየው መስኮቶቹን ዘጋች፣ እኔ ተነፈስኩ፣ ቁልፉን ከቀለበቱ አወጣች፣ ተነፈስኩ፣ ኪሷ ውስጥ እጇን ስትከት ያ አንድ እግር ካልሲ እዚያው ነበር፣ ተነፈስኩ፣ ካልሲውን ይዛ ቁልፉን ሰጥታ በሩን ሳበችው። ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

መቀስ ከመስታወቱ ማዶ በማይክ፣ «የቱን የቱን ልቁረጥ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ሁሉም ይሰማል እኮ።»

«ይሰማ።»

እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። ዛሬ «እንደገና» አላለኝም።

ሐምሌ 26

የሚቀጥለውን ተከታታይ ለዜና አንባቢዋ ሰጧት። ስሟን የጠራሁት እኔው ነኝ። ወዲያው ቆጨኝ፤ ከዚያ ጭረት እንዴት እንደሚደረግ ልታይ መጥታ አንድ ከሰዓት አብረን ስንቀመጥ ትንሽ ቀለለኝ። አሁንም እንደ አየር ጠባይ ነው የምታነበው። ይስተካከላል።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

የመጨረሻው ክፍል ዛሬ ተላለፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤት ገብቼ ከባለቤቴ ጋር ሰማሁት። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ጀመረ። ከመስኮቶቹ በኋላ አንድ ነገር ሲጎተት ተሰማ፤ የማላውቀው ድምፅ ነው፣ ጎርበጥ ያለ፣ የአሮጌ በር ዓይነት። እኔ ነኝ። ልዘጋው ተነሳሁ። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ቢላዋውን አስቀምጣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ሰማችው። እኔ ሬዲዮ ውስጥ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር እሷም ትወስድ ነበር፤ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሲያበቃ ሬዲዮውን ዘጋችና ሽንኩርቷን አነሳች።

«ይሄኛውን አውቀዋለሁ» አለች።